ከአመዱ የወጣው ሳጥን

ሶሲስ የሮምን የካፒቶል ዳገት እየሮጠ ወጣ። ለሩጫ የተሠራ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል፤ ግማሹን ዕድሜ ተጎንብሶ ብረት ሲቀርጽ ስለኖረ ጀርባው ቀና ማለትን ረስቷል። በዚያ ላይ በዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ ግቢ የሚኖሩት የተቀደሱ ዝይዎች የሚሮጥ ሰው አይወዱም፤ አንገታቸውን አስግገው እስከ ብር መምቻው በር ድረስ አባረሩት። መዶሻ መቺው ሴውቴስ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ጋሼ ሶሲስ፣ በእኛ አገር በትራቂያ ዝይ ያባረረው ሰው ይሾማል ይባላል።»

«ትራቂያ ዝይ አለ እንዴ?»

«የለም። ለዚህ ነው ማንም ያልተሾመው። ይልቅ ቶሎ ግባ፣ ጌታው አውሎስ ከመጡ ቆይተዋል። ፊታቸው በርቷል፤ ሥራ ሊያበዙብን ነው።»

አውሎስ ፉርፋኒዮስ ሮም ገንዘብ እንዲያስመቱ በየዓመቱ ከምትሾማቸው ሦስት ወጣት መኳንንት አንዱ ነበር። ነጭ ካባውን ጥላሸት እንዳይነካበት በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ብር በሚቀጠቀጥባቸው መስፎች መካከል ቆሟል። ሶሲስ ሰላምታውን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

«ዘንድሮ በእኔ ዲናር ላይ ሰረገላ አላይም» አለ። «ፈረስም አላይም። የአንዱ አያት ዝሆን ማረከ ተብሎ ዝሆን ይታተማል። የሌላው አያት ለድኻ ስንዴ አደለ ተብሎ የስንዴ ዘለላ ይታተማል። የእኔ አያት ደግሞ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ጦርነት በመጣ ቁጥር ይታመም ነበር። ስለዚህ ከአያት የሚበልጥ ነገር አሰብኩ። አባቱን የተሸከመ ልጅ።»

ሶሲስ ጣቶቹን በልብሱ ጠረገ።

«ምነው፣ የአገርህ ታሪክ አይደለም እንዴ? የኤትና ተራራ እሳት ሲተፋ ሰው ሁሉ ወርቁን ተሸክሞ ሲሸሽ፣ ሁለቱ የካታና ከተማ ወንድማማቾች እናት አባታቸውን ተሸክመው ወጡ። እሳቱም ተከፍሎ አሳለፋቸው። በአንድ ገጽ ወላጅን የማክበር አምላክ የፒዬታስ ራስ ይሁን። በሌላው ገጽ አባቱን በጫንቃው የተሸከመ ጎልማሳ። ግን የጥንቶቹን ማን አይቷቸው? እኔ የማውቀው የካታና ሰው አንድ ነው።» አንድ እጁን ከካባው አውጥቶ በሶሲስ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ፊቱን ያንተን አድርገው። አንተም አባትህን ተሸክመህ ወጥተሃልና።»

ሠራተኞቹ መዶሻቸውን በመስፍ ላይ አንኳኩ። የብር መምቻ ሰው የሚያጨበጭበው እንደዚያ ነው። ሶሲስ አንገቱን ደፋ፤ እነሱም ትሕትና መሰላቸው።

«ብሩ የተመታ ዕለት እቤቴ እራት ትበላለህ» አለ አውሎስ ሊወጣ ሲል። «እንግዶቼ እንዲያዩህ እፈልጋለሁ። የቀራጮቹ አለቃም አርጅቷል። ቦታው ለማን እንደሚሆን አይጠፋህም።»

አውሎስ እንደ ወጣ ሴውቴስ ወደ ሶሲስ ጆሮ ጠጋ አለ። «አባቱን የተሸከመ ልጅ ይላሉ! የገዛ አባታቸውን ከከተማው ቤት አስወጥተው ገጠር እርሻ ላይ የጣሏቸው እሳቸው ናቸው እኮ። ምናልባት ሲወስዷቸው ተሸክመዋቸው ይሆናል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሶሲስ ይስቅ ነበር።

ውሸቱ የተወለደው ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ዛሬ በሕይወት በሌለ አንድ ሽማግሌ ቀራጭ ፊት ነበር። ሶሲስ ከሲሲሊ መርከብ ወርዶ፣ ፀጉሩ ውስጥ ገና ዳግም የፈነዳው የኤትና አመድ እያለ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን በጫንቃው ይዞ እዚሁ በር ላይ ቆመ። በሳጥኑ ውስጥ የአባቱ የዞጲሮስ መቅረጫዎች ነበሩ። ሽማግሌው ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ አደነቀና «የእነዚህ ባለቤትስ?» ብሎ ጠየቀው። «ተሸክሜው ወጣሁ፤ መርከብ ላይ ሞተብኝ» አለ ሶሲስ። እንዲህ እላለሁ ብሎ አላሰበም ነበር፤ አፉ ቀደመው። ሽማግሌው አለቀሰ። ዳቦ ቆርሶ ሰጠው፣ ወንበር ሰጠው፣ ሥራ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሶሲስን ሲያበላ ኖረ።

እውነቱ ከወሬው በጣም ያጠረ ነበር። አባቱ ሽባ ነበር። አመዱ እንደ ዝናብ እየወረደ የጎረቤት ጣሪያ መደርመስ ሲጀምር ታላቅ እህቱ ሚርቶ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ቀርታ ነበር። ሶሲስ አባቱን አየ፤ ሳጥኑን አየ። «አባዬ፣ ይህችን ወደብ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ» አለው። አባትየው «እሺ ልጄ» አለ። ወደቡ ላይ ገመዱን የፈታ መርከብ ነበር፤ ሶሲስም ተሳፈረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሶሲስ ቤት ግን እያደር የጠራው ውሸቱ ነው። የመንገዱን አቅጣጫ፣ የአባቱን ክብደት፣ እፊቱ የወደቀውን የጣሪያ ክዳን ሳይቀር መናገር ለመደ። ሌሊት ሌሊት ግን «እሺ ልጄ» የሚለውን ድምፅ ይሰማዋል፤ ያንን ለማንም አልተናገረም።

ብር የሚመታበት ማኅተም ሲቀረጽ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው፤ ቀኙ ግራ ይሆናል፣ ጉብታው ይጎደጉዳል። ሶሲስ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሰው ነበር። የልጁን እግር ቀረጸ፣ ክንዱን ቀረጸ፣ ፊቱንም የራሱን አስመስሎ ቀረጸ። የአባትየው ራስ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ራስ ናት። ስንት አማልክት የቀረጸ ሰው በአንዲት ምስር ፊት ቁጭ ብሎ ዋለ። በመጨረሻ የማንንም የማይመስል ጢም ሠርቶላት፣ ሽማግሌውን በልጁ ትከሻ ላይ አስቀምጦ ተወው። የፒዬታስ ገጽ ገና አልተነካም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሴውቴስ በቀራጮቹ ክፍል በር ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ደጅ አንዲት ሴትዮ ዝይዎቹን በበትር እየገሠጸች ነው። እህቱ ነኝ ትላለች። እኔ ግን አላመንኳትም፤ ዝይ አትፈራም።»

ሶሲስ መቅረጫውን አስቀምጦ ተነሣ። ሚርቶን የሞተች ያህል ካለቀሰላት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሲወጣ ቆማ አገኛት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ትከሻዋ ሰፍቷል፤ ከወገቧ ትንሽ ጎበጥ ብላለች። ሠራተኞቹ ከብበዋታል፤ አንዱ በርጩማ ያቀርባል፣ አንዱ ውሃ የገባበት ሆምጣጣ ወይን ያቀብላታል።

«የሱ እህት ነሽ? ታድለሽ» አላት ወናፍ የሚነፋው ሰውዬ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እኔ ወንድሜ ቀበቶዬን ሰርቆኝ ነው የጠፋው። ያንቺን ወንድም ግን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል።»

«በምን?»

«አባታችሁን ተሸክሞ ከኤትና አመድ በማውጣቱ ነዋ።»

ሚርቶ ዓይኗን ወደ ሶሲስ አዞረች። አንድ ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ዓመት የተገነባው ነገር እንደ ካታና ጣሪያ መውረዱ ነው።

«እውነት ነው» አለች ሚርቶ ረጋ ብላ። «አገራችንም እንደዚያ ነው የሚባለው።»

ጽዋውን ጠጥታ መለሰችና ተነሥታ ቀድማው ወደ ክፍሉ ገባች። ሶሲስ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እትዬ … ሞተሻል ብዬ ነበር።»

«ሬሳዬን አየህ?»

ሚርቶ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳጥን አየችው። በክዳኑ ላይ የአባታቸው ጣት ያለሰለሰው ቦታ ዛሬም ያበራል። በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳሰሰችውና ተቀመጠች።

«ውሃ ይዤ ስመለስ አባዬ የበሩን መቃን አቅፏል» አለች። «ያንተን መምጣት ሊጠብቅ በደረቱ እየተሳበ እዚያ ደርሷል። ዓይኑ በአመድ ተደፍኗል። ና እንውጣ ብለው፣ ‹ሶሲስ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ ብሎኛል፤ ይመለሳል፤ አንቺ ሂጂ› ይለኛል። ጣቶቹን ከመቃኑ ላላቅቅ ሞከርኩ፤ የቀራጭ ጣት ታውቃለህ፣ አልላቀቅ አለኝ። ጣሪያው ይንቋቋል። ምን ላድርግ? ወደ ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ እንደ ወንድ እየረገጥኩ ገባሁ፣ ድምፄን አወፈርኩና ‹አባዬ መጣሁ› አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ሶሲስ ነህ?› አለ። አዎ አልኩት። መቃኑን ለቀቀ።»

ውጭ የሴውቴስ መዶሻ ይሰማል። ሶሲስ ቁጭ ለማለት ፈልጎ ወንበሩን ረሳውና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«በመጎናጸፊያዬ አዝዬው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ‹ልጄ፣ ጫንቃህ እንዴት ያለ ጠንካራ ነው› ይለኛል። መልስ አልሰጠሁትም፤ ብናገር ያውቀኛል። ዓይኑ ከዚያ ወዲያ አልበራም። ሶሲስ የት ሄደ ሲል፣ ወደ ሮም ስትሳፈር ያዩህ ስለነበሩ፣ ሊሠራልን ሮም ሄደ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? እንዲያ ብዬ ያወጣሁትን ሰው፣ አይ ልጅህስ ጥሎህ ሄዷል ልበለው?»

«መቼ … መቼ ሞተ?»

«ዘንድሮ፣ ወይኑ ሲያቆጠቁጥ።»

ሶሲስ አባቱን የቀበረውን ጣሪያ ስንት ሌሊት በዓይነ ሕሊናው አይቶት ነበር። በሕይወት አለ ብሎ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም። ያላሰበው ማሰብ ስላልፈለገ እንደነበር አሁን ገባው። አባቱ ያን ቀን ሞቶ ከሆነ ጥፋቱ ያን ቀን አልቋል። ከኖረ ግን በየቀኑ እንደገና ትቶታል ማለት ነው። ወደ ካታና አንድ ሰው ልኮ ማስጠየቅ ይችል ነበር፤ መርከብ በየሳምንቱ ይሄዳል። ፈርቶ አላስጠየቀም። ያፍር ነበር፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ወሬው እንዳይበላሽበት ይሰጋ ነበር፣ ይህንንም አወቀው።

«ይጠብቀኝ ነበር?» አለ።

«የት ሲጠብቅህ። ሲኮራብህ ነበር እንጂ። የወንድማማቾቹ መቃብር ካለበት ከደጎቹ ሜዳ እየወሰድኩ አስቀምጠዋለሁ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ‹ሦስተኛው የእኔ ልጅ ነው› ሲል ይውላል። ሾርባውን በአፉ የማደርገው እኔ፣ ልብሱን የማጥበው እኔ፤ ማታ ሲተኛ የሚመርቀው ያንተን ጫንቃ ነው። አንድ ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳይ ተውኩት። አልዋሽህም ሶሲ፣ ጠልቼህ ነበር። አሁንም ጠልቼሃለሁ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አደራ አለብኝ። ሊሞት ሲል ‹ሮም ሂጂና ያን ጫንቃውን ስሚልኝ› አለኝ።»

ተነሥታ ቀረበችው። ሶሲስ ከወለሉ ተነሥቶ ሳያስበው ትከሻውን ዝቅ አደረገላት። ሚርቶ ትከሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ዛሬ አልችልም» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ክፍሉ ጥግ ባለችው አግዳሚ ላይ አደረች፤ ማደሪያ ልፈልግልሽ ቢላት እምቢ አለች። ጧት ዳቦና የጨው ዓሣ አመጣላት። እየበላች የሥራ ጠረጴዛውን ስትቃኝ፣ ሶሲስ ማኅተሙን የሞከረበትን የሰም ጭብጥ አየችና አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ይህ አንተ ነህ?»

«ጌታው አዘውኝ ነው።»

«ይህ ከላይ ያለውስ ምንድን ነው፣ ወፍ? ሰው እንዲህ ትከሻ ላይ ቁጢጥ አይልም። ሽባ ስታዝል ይንሸራተትብሃል። ወገብህ እስኪቆረጥ ትጎነበሳለህ። አገጩ አንገትህን ይልጥሃል፣ ትንፋሹ ጆሮህ ውስጥ ነው። ይህን የሠራው ሰው፣ ሰው ተሸክሞ አያውቅም።» ሰሙን ቦታው መለሰችው። «ሮማውያን ግን አያውቁም። የሚሸከሙላቸው ባሮቻቸው ናቸው።»

ከረጅሙ መንገድ ድካም የተነሣ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከጎኗ አረፈባት። ሶሲስ ባዶውን የፒዬታስ ማኅተም አነሣ። ይህን ያደረገው ጽድቅ መስሎት ነው፤ ልቡ እንደዚያ አለው። ሴት አምላክ ስትቀረጽ ሁሌ ወጣት ናት፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ጉንጯ ሙሉ። እሱ ግን የሚርቶን የጎደለ ጉንጭ ቀረጸ፤ በአንገቷ ላይ የአባታቸው አገጭ የፋቀውን መስመር ቀረጸ። እጁ እንዲያ ታዝዞለት አያውቅም። በአባቱ ብረት የአባቱን ልጅ እየሠራ ነበር፤ እንባው ጎድጓዳው ውስጥ ሲንጠባጠብ በአውራ ጣቱ ይጠርገዋል።

ስትነቃ ሰሙ ላይ አትሞ ሰጣት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲለዝብ አየ፤ ግን አልቆየም።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። አምላኳ አንቺ ነሽ። በመላው ዓለም እጅ ትገቢያለሽ፣ እትዬ።»

ሚርቶ አንዱን ሰም በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላ እጇ ይዛ ሁለቱን አስተያየቻቸው።

«ጎበዝ» አለች። «ፊቴን ሰጠኸኝ። ሸክሜን ግን ለራስህ አስቀረኸው።»

ከዚህ ወዲያ ሁለቱም እስከ መምቻው ቀን ስለ ሥራው አልተነጋገሩም።

በመምቻው ቀን ምድጃው ከንጋት ጀምሮ ነደደ። ፒዬታስ ያለችበት የታችኛው ማኅተም መስፉ ላይ ተተከለ፤ አባቱን የተሸከመው ልጅ ያለበት የላይኛው ማኅተም በሴውቴስ ግራ እጅ ገባ። አንዱ የጋለውን የብር ጥፍጥፍ በጉጠት አምጥቶ በሁለቱ መካከል አኖረ። ሴውቴስ መዶሻውን አንድ ጊዜ አሳረፈ። የዓመቱን የመጀመሪያ ዲናር ውሃ ውስጥ ነክረው ለአውሎስ ሰጡት።

አውሎስ አገላብጦ አየው። «ልጁ ግሩም ነው። ሴትዮዋ ግን … ክብርስ አላት፤ ትንሽ አላረጀችም? ማን ናት?»

«እህቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«እህትህ? ለምን?»

ሶሲስ በዚህ ጊዜ ስለ ውበት አንድ ነገር ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ቃሉም ተዘጋጅቶለት ነበር፤ አፉ ዐሥራ አራት ዓመት ሠልጥኗል። በሩ ላይ ሚርቶ ቆማለች፤ አላየችውም፣ ዝይዎቹን ነው የምታየው። አለማየቷ ከማየቷ ይልቅ ከበደው።

«አባቴን የተሸከመችው እሷ ስለሆነች ነው» አለ። «እኔ አባቴን ትቼው ሸሸሁ። እመለሳለሁ ብዬው ነበር። በሕይወት ያለ ሽባ ሰው ትቼ የመቅረጫ ሳጥን ተሸክሜ ወጣሁ። መርከብ ላይ ሞተ ያልኩት ውሸት ነው። የሞተው ዘንድሮ ነው፤ አላየሁትም።»

ወናፉ ቆመ። የሁለተኛው መስፍ መዶሻም ቆመ። ሶሲስ ሰዎቹን ቀና ብሎ ማየት ቢያቅተውም ሴውቴስን አየው። ሴውቴስ ባሪያ ሆኖ በገመድ ሲጎተት አባቱ ከኋላው ሲጣራ የሰማ ሰው ነው፤ ይህን አንድ ቀን በመጠጥ መሀል ነግሮት ነበር።

«እኔ ያን ወሬህን ማታ ማታ ለራሴ አወራው ነበር» አለ ሴውቴስ ቀስ ብሎ። «አንተን እያነሣሁ እኔ ነኝ እያልኩ።»

አውሎስ ዲናሩን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ አሰበ። የተናደደ አይመስልም፤ በገበያ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይመስላል።

«እዚህ ካለው ሰው ውጭ ይህን የሰማ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አልተባለም። ሴት ያዘለችው ሽማግሌ ማንንም አያስመርጥም፣ ሶሲስ። ብሩ ተመዝኗል፤ ሕዝቡም እኔ የምወዳደርበት ምርጫ ሳይመጣ ይህን ልጅ ማየት አለበት። ደግሞስ እውነት ቢሆን ኖሮ ብር ላይ መምታት ለምን አስፈለገ? እውነቱን ሰው ራሱ ያወራው ነበር።» ሳቅ አለ፤ ከዚያም ሳቁን ዋጠው። «እራቱ ቀርቷል። አንተም ምርጫው እስኪያልፍ ከዚህ ከተማ ብትጠፋ ይሻላል። ምቱ።»

ሴውቴስ ሶሲስን ሳያይ መዶሻውን አነሣ። የጋለ ብር መጣ፣ ተመታ፣ ውሃ ውስጥ ጮኸ። ሌላው ተከተለ። እያንዳንዱ ላይ ሶሲስ አባቱን ተሸክሞ ይወጣል።

ወደ ክፍሉ ገብቶ መቅረጫዎቹን በሳጥኑ ውስጥ በየቦታቸው ደረደረ። የአለቃው ወንበር በመስኮቱ በኩል ይታያል፤ ዓመታት ሙሉ ሲመኘው የነበረ ወንበር ነው። አንድ ጊዜ አየውና ክዳኑን ዘጋ። ሲወጣ ሚርቶ ደረጃው ላይ ትጠብቀዋለች።

«ነገርኳቸው» አላት።

«ሰማሁ። መዶሻው ሲቆም ሰማሁ። እንደገና ሲጀምርም ሰማሁ።»

«እኔም ካታና እመጣለሁ። በደጎቹ ሜዳ፣ አባዬ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ቆሜ እናገራለሁ።»

«ዲናሩ ቀድሞህ ይደርሳል። ሰው ደግሞ በእጁ የያዘውን ያምናል እንጂ ያንተን አፍ አያምንም።»

«አውቃለሁ።»

«ውሸታም ይሉሃል። አባትህን ልታሳጣ መጣህ ይሉሃል። እኔንም ይጠሉኛል።»

«አውቃለሁ እትዬ። ቢሆንም እናገራለሁ።»

ሚርቶ ፊቱን መረመረችው። ከዚያ ቀረብ ብላ፣ ልብሱን ከቀኝ ትከሻው ላይ ገለል አደረገችና ሳመችው። ቀስ ብላ ነው የሳመችው፤ ልክ የሳመው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ። ሶሲስ ቢመታ ይሻለው ነበር። የአባቱ ምርቃት በማይገባው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ተሰማው፤ መልሶ የሚሰጠውም ሰው የለም።

«አደራዬን አደረስኩ» አለች አፏን በመጎናጸፊያዋ እየጠረገች። «ያንተን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ሳጥኑን አንሣ እንሂድ።»

ሶሲስ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በዚያው በተሳመው ጫንቃው ላይ አኖረ። ሳጥኑ ቀላል ነበር። ያን ቀንም ቀላል ነበር።